ቲቸርን ጠይቁ፦ «ማስት» ብዬ ብጽፍላት ምን አጠፋሁ?

በዚህ ወር የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት፣ ሹድ፣ ዊል፣ ውድ። ሞዳል የሚባሉት ትንንሽ አጋዥ ግሶች ማለት ነው። ከእነሱ ጎን ደግሞ «ሪሊ»፣ «ፕሮባብሊ»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ሃርድሊ» የሚባሉት አድቨርቦች አሉ። ሌሎቹን ጥያቄዎች አሳድሬ ዛሬ የእነዚህን ብቻ ላንሣ። እንግሊዝኛውን እንደወትሮው በፊደላችን እጽፈዋለሁ። እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የካ አባዶ ያሉ ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮሚናሉ የሚወጣውን የተማሪዎቼን ጩኸት ለምደውታል፤ የእናንተም ጎረቤት ይልመድ።

ሰላም ቲቸር። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ውጭ አገር ላለችው አለቃችን በኢሜል «ዩ ማስት ሴንድ ሚ ዘ ኢንቮይስ ቱዴይ» ብዬ ጻፍኩላት። ጉምሩክ የሚጠይቀው ሰነድ ስለሆነ ግድ ነበር። ኢንቮይሱን ላከችልኝ። ግን ከዚያ ወዲህ መልሷ ሁሉ ቀዝቀዝ ብሎብኛል። ምን አጠፋሁ? (ከቱሉ ዲምቱ)

ሰዋስውህ ልክ ነው። ያስቀየማት ድምፀቱ ነው።

«ዩ ማስት» ሲባል ብዙ ጊዜ ግዴታውን የጣለው ተናጋሪው ራሱ ነው። አለቃህ ያነበበችው «ዛሬውኑ ትልኪልኛለሽ!» የሚል ትእዛዝ ነው። ከጀርባህ ጉምሩክ መቆሙን በምን ታውቃለች? ግዴታው ከውጭ የመጣ ሲሆን «ሃቭ ቱ» ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጉምሩክን በስሙ መጥራት ነው። «ካስተምስ ኒድስ ዘ ኢንቮይስ ቱዴይ። ኩድ ዩ ፖሲብሊ ሴንድ ኢት ቢፎር ኑን?» ብትላት ኢንቮይሱም ይመጣ ነበር፣ ሰላምታዋም አይጎድልም ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ የሚከብደው አንቱ ስላለን ነው። «ይላኩልኝ» ስንል አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ቃል ሳንጨምር ትሕትናው ይደርሳል። የዛሬው እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። አለቃም ሊስትሮም «ዩ» ነው። ስለዚህ የአንቱን ሥራ ለሞዳሎቹና ለአድቨርቦቹ አከፋፍሏል። «ካን ዩ ሴንድ» ለእኩያ ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ» አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። «ኩድ ዩ ፖሲብሊ ሴንድ» ላይ የገባችው «ፖሲብሊ» እኛ «ባይቸግርዎ» የምንላትን ሥራ ትሠራለች። ከዚያም በላይ ልታከብር ከፈለግህ «ውድ ዩ ማይንድ ሴንዲንግ» አለልህ። እዚህ ላይ ግሱ «ሴንድ» ሳይሆን «ሴንዲንግ» መሆኑን ልብ በል።

«ኩድ እኮ የካን ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ለዛሬ ጉዳይ ምን አመጣው?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። እኛስ? ወረዳ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» እንላለን። ነበር? አሁንም እኮ እየፈለግን ነው! ጊዜውን ወደ ኋላ ስንገፋው ጥያቄው ከሰውየው ትንሽ ራቅ ይላል። እምቢ ለማለትም ቦታ ያገኛል። እንግሊዞቹም «አይ ዎዝ ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ» ሲሉ ያንኑ እያደረጉ ነው።

ስለ «ካይንድሊ» አንድ ነገር ልበል። ቢሮዎቻችን ውስጥ «ፕሊስ ካይንድሊ» የማይል ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል። ስህተት አይደለም። ግን ለአንዳንድ ጆሮ የተቆጣ ሰው ትሕትና ይመስላል። እኔ ብሆን «ካይንድሊ»ን ትቼ «ኩድ ዩ» እላለሁ።

«ማስት» በአገሩም ቢሆን እየቀነሰ ነው። ጄፍሪ ሊች የሚባለው የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1991 የታተሙ የብሪታንያ ጽሑፎችን፣ ከየዘመኑ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃል ወስዶ አወዳድሮ ነበር። በእነዚያ 30 ዓመታት «ማስት» ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። «ሻል» ደግሞ ከዚያም ብሶ። ሰው ለሰው ማዘዝ እየከበደው ሄደ ልበል? ለማንኛውም እነሱ የቀነሱትን እኛ ኢሜል ላይ መደርደር የለብንም።

አንድ ቦታ ግን «ማስት» ጣፋጭ ነው። ግብዣ ላይ። «ዩ ሪሊ ማስት ትራይ ሰም» የሚል ባለቤት እያዘዘህ አይደለም። «በሞቴ!» እያለህ ነው። «ዩ ማስት ከም ኤንድ ሲ አስ» የሚልህም እንደዚያው። ትእዛዙ የሚጠቅመው ታዛዡን ከሆነ ማንም አይቀየምም።

ኮምፒውተር ለምታጠኑ ደግሞ ቅመም ልጨምር። ኢንተርኔት የሚሠራባቸው የቴክኒክ ሰነዶች የእነዚህን ቃላት ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1997 በጽሑፍ አስረውታል። ሰነዱ አርኤፍሲ 2119 ይባላል። እዚያ «ማስት» ፍጹም ግዴታ ነው። «ሹድ» የሚመከር ነው፤ በቂ ምክንያት ካለህና መዘዙን ካመዛዘንክ ግን መተው ትችላለህ። «ሜይ» በፈቃድህ ነው። ኢንጂነሮች ሳይቀሩ ካልተስማሙበት የሚያጋጭ ነገር ነው ማለት ነው።

እንደምን አሉ ቲቸር። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። «ሂ ማስት ቱ ጎ» ብሎ ጽፎ ኤክስ ተደረገበት። «ሂ ሃስ ቱ ጎ» ግን ራይት ነው። ሁለቱም «መሄድ አለበት» አይደሉም እንዴ? (የልጅ አባት፣ ከቃሊቲ)

ናቸው። ልጁን አይቆጡት፤ አማርኛው ነው የገፋው። «መሄድ» ላይ ያለችውን «መ» ልጆች «ቱ» አድርገው ይወስዷታል። እንዲሁም በአማርኛ እችላለሁ፣ ትችላለህ፣ ይችላል እያልን እናረባለን። ስለዚህ «ሂ ካንስ» ብለው ይጽፋሉ። የእንግሊዝኛ ሞዳል አይረባም፣ ከኋላው «ቱ» አያስከትልም፣ ሌላ ሞዳልም አጠገቡ አያስቀምጥም። «ዊል ካን» አይባልም፣ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ነው። ከቤተሰቡ «ቱ»ን ያልተወው «ኦት ቱ» ብቻ ነው። «ሃቭ ቱ» እንደ ተራ ግስ ስለሚረባ «ሃስ ቱ» ሆነ። ለሰባተኛ ክፍል ይህ ይበቃል።

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ወንድሜ «አይ ሪሊ ካንት ሴይ» እና «አይ ካንት ሪሊ ሴይ» አንድ ናቸው ይለኛል። እኔ ልዩነት አላቸው ባይ ነኝ። ክትፎ ተወራርደናል። ማን ይረታል? (ከለገጣፎ)

ክትፎው ያንቺ ነው። ለብለብ ይሁን ጥሬ እዚያው ተነጋገሩ።

የአድቨርብ የተለመደ ቦታው ከሞዳሉ ቀጥሎ፣ ከዋናው ግስ በፊት ነው። «አይ ካን ኢዚሊ ፊክስ ኢት»፣ «ዊ ሹድ ኦልዌይስ ቼክ»፣ «ሺ ዊል ፕሮባብሊ ኮል»። እስከዚህ ቀላል ነው። ነገሩ የሚጦዘው «ኖት» ስትገባ ነው። «ኖት» ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣውን ትይዛለች። ከእሷ አስቀድሞ የተነገረውን ግን አትነካም።

«አይ ሪሊ ካንት ሴይ» ላይ «ሪሊ» ቀድማ አምልጣለች። ስለዚህ አለመቻሉን ታጠብቀዋለች። «ምንም ብትለኝ መናገር አልችልም» ነው። «አይ ካንት ሪሊ ሴይ» ላይ ግን አሉታው «ሪሊ»ን ራሷን ይዟታል። «እንዲህ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ለመናገር ይከብደኛል» ማለት ነው። ሰርግ ቤት ተጠርተሽ ሦስተኛ ጭልፋ ሲመጣብሽ «አይ ሪሊ ካንት ኢት ኤኒ ሞር» ትያለሽ። ጠግበሻል፣ አለቀ። «አይ ካንት ሪሊ ኢት ስፓይሲ ፉድ» ካልሽ ግን ሚጥሚጣ ብዙም አይስማማሽም ማለት ነው፤ ትንሽ ቢቀርብልሽ ትቀምሻለሽ። «አይ ሪሊ ዶንት ኖው» እና «አይ ዶንት ሪሊ ኖው»ም በዚሁ ይሄዳሉ።

«ፕሮባብሊ» ደግሞ ከ«ኖት» ጋር መጋፋት አትወድም። «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ከም» ትያለሽ፣ ሲገለበጥ ግን «ሂ ፕሮባብሊ ዎንት ከም» ነው። ከ«ዎንት» በፊት ዘላ ወጣች። «ደፊኒትሊ»ም እንደዚያው፣ «ሂ ደፊኒትሊ ዎንት»። ተማሪዎቼ «ሂ ዎንት ፕሮባብሊ ከም» ሲሉ ይገባል፣ ግን ጆሮ ላይ ይሻክራል።

በጣም የምንሳሳትባት «ኦልዌይስ» ናት። ለአሠሪሽ በአማርኛ «ቅዳሜ ሁልጊዜ መምጣት አልችልም» ብትዪ ሰውየው ሁለት ነገር ሊሰማ ይችላል። ወይ ጭራሽ አልመጣም፣ ወይ አንዳንድ ቅዳሜ እቀራለሁ። በአማርኛ ድምፅሽና ፊትሽ ይፈታዋል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧል። «አይ ካንት ኦልዌይስ ከም» ማለት አንዳንዴ እመጣለሁ ማለት ነው። «አይ ካን ኔቨር ከም» ማለት አንድም ቀን አልመጣም ማለት ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ እነዚህን እንዳታምታቺ።

«ኔቨር» ካነሣን፦ አማርኛ «በፍጹም አልረሳም» ሲል ግሱንም ያፈርሳል። ስለዚህ «አይ ዊል ኔቨር ኖት ፎርጌት» የሚል ደብዳቤ በብዛት ይደርሰኛል። ጸሐፊው አልረሳሽም ሊል ፈልጎ መርሳቱ አይቀርም ብሎ ቁጭ! በመደበኛው እንግሊዝኛ «ኔቨር» ብቻዋን ትበቃለች። «አይ ዊል ኔቨር ፎርጌት»።

ቲቸር፣ ሲቪዬ ላይ «አይ ካን ቬሪ ዌል ስፒክ ኢንግሊሽ» ብዬ ጽፌ ነበር። የድሮ አለቃዬም የድጋፍ ደብዳቤ ላይ «ሂ ዎርክስ ሃርድሊ» ብሎልኛል። አንድም ቦታ አልተጠራሁም። ሰዋስው ይሆን? (ከገላን)

አለመጠራትህን ሰዋስው ላይ አልደፋም፤ የሥራ ገበያውን አንተም እኔም እናውቀዋለን። ደብዳቤው ግን ዛሬውኑ ይቀየር።

«ሃርድ» በርትቶ ነው። «ሃርድሊ» ከምንም የማይቆጠር ማለት ነው። አለቃህ «ታታሪ ነው» ሊል አስቦ «ሥራ የሚባል ብዙም አይነካም» ብሎ ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። «ሂ ዎርክስ ቬሪ ሃርድ» ይባል። «ሃርድሊ» ጥሩ የምትሆነው ከ«ካን» ጋር ስትገጥም ነው። «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ»፣ ስልኩ እየተቆራረጠ በጭንቅ ነው የምሰማህ። «አይ ካን ሃርድሊ ቢሊቭ ኢት»፣ ለማመን ይቸግረኛል። እሷ ራሷ አሉታ ስላላት «ካንት ሃርድሊ» አትበል።

ሲቪህ ደግሞ ከአማርኛው ተራ የመጣ ነው። «እንግሊዝኛ በደንብ መናገር እችላለሁ» ስንል «በደንብ» ከግሱ ፊት ትገባለች። በእንግሊዝኛ «እንዴት» የሚለውን የሚመልሱት አድቨርቦች፣ በተለይ «ዌል»፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተነገረ በኋላ ነው የሚመጡት። «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ ቬሪ ዌል»። በግሱና በ«ኢንግሊሽ» መካከል መወሸቅም አይቻልም። ይባስ ብሎ «አይ ካን ቬሪ ዌል» የሚለው ሲነገር የቁጣ ድምፅ አለው። «አይ ካን ቬሪ ዌል ዱ ኢት ማይሴልፍ» ማለት «ራሴ አሳምሬ እሠራዋለሁ፣ ማን ጠየቀህ?» ነው። ቀጣሪህ ይህን ካነበበ ደንግጧል።

ቲቸርዬ፣ ፊልም ላይ «ዩ ካን ኦልዌይስ ኮል ሚ» ይባላል። ሁልጊዜ ደውይልኝ ነው? «ዊ ማይት አዝ ዌል»ስ ምንድን ነው? መዝገበ ቃላት ላይ ቃል በቃል ብፈልግ አልገናኝልሽ አለኝ። (ከሰንዳፋ)

አይገናኝም። እነዚህ የተጋቡ ቃላት ናቸው። ለየብቻ ሲጠየቁ ሌላ ይናገራሉ። በዚህ አገር ሞዳል የሚሰጠን በሰንጠረዥ ነው፤ ካን ለችሎታ፣ ሜይ ለፈቃድ፣ ማስት ለግዴታ። ሰንጠረዡ አይዋሽም፣ ግን ሰው የሚያወራው በጥንድ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ጥንዱን ከነዓረፍተ ነገሩ አስይዛለሁ።

«ዩ ካን ኦልዌይስ ኮል ሚ» ማለት «ካስፈለገሽ እኔ አለሁ» ነው። ሁልጊዜ ደውይ አላለሽም፤ ብትደውዪበትማ ይሰለቻል። «ኢፍ ዘ ታክሲ ዳዝንት ከም፣ ዊ ካን ኦልዌይስ ዎክ» ማለት ታክሲ ከጠፋ እግራችን የት ሄደ ነው። ምርጫው ሩቅ ይሁን ቅርብ፣ በእጅ አለ ማለት ነው።

«ማይት አዝ ዌል»ን ለማስተማር ድሮ ብዙ ሰሌዳ እጨርስ ነበር። አሁን «ከ… አይቀር» ብቻ እላለሁ። ሰንዳፋ ድረስ ከመጣን አይቀር አክስቴን እንያት፦ «ዊ ማይት አዝ ዌል ቪዚት ማይ ኦንት»። ዝናቡ ካልቆመ አይቀር ቡና እናፍላ፦ «ዊ ማይት አዝ ዌል ሃቭ ኮፊ»። የተሻለ ነገር የለም፣ ብናደርገውም አንጎዳም የሚል ስሜት ነው። ስለዚህ እንግዳ አይጠራበትም! «ዩ ማይት አዝ ዌል ከም» ያልሽው ሰው «ና እንግዲህ፣ ምን ይደረግ» ተብያለሁ ብሎ ይቀራል። እውነቱን ነው።

«ሜይ ዌል» የምትባል ዘመድ አለቻት። እሷ ግን ሌላ ናት። «ኢት ሜይ ዌል ሬይን» ማለት «ቢዘንብም አይገርመኝ» ነው፤ ከተራው «ሜይ» ይልቅ ወደ መሆን ያደላል። «ዩ ኩድ ኢዚሊ ሚስ ዘ ተርን» ማለት መታጠፊያውን ሳታዪው ልታልፊ ትችያለሽ ነው። አዲስ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ሳይት ለሚመጣ እንግዳ አቅጣጫ ስትነግሪ ትፈልጊያታለሽ። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውና።

የእኔ ተወዳጅ ግን «ሹድ ፕሮባብሊ» ናት። «ዌል፣ ዊ ሹድ ፕሮባብሊ ጌት ጎይንግ»። ሰው ቤት ተቀምጠን «እንግዲህ ብንንቀሳቀስ ይሻላል» የምንላት። «ሹድ» ብቻውን «መሄድ አለብን» ብሎ ይነሣል፣ የቤቱን እመቤት ያስደነግጣል። «ፕሮባብሊ» ስትገባ «ቁጭ በሉ እንጂ!» ለማለት ጊዜ ታገኛለች። እንግዶቹም በረካን ጠጥተው ይሄዳሉ። ለራስሽ ምክር ለመስጠትም ትሆናለች። «አይ ሹድ ፕሮባብሊ ኮል ማይ ማዘር»።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «ይሻላል»ን ተርጉመሽ «ዩ ሃድ ቤተር» እንዳትዪ፣ በተለይ ለታላቅሽ። «ዩ ሃድ ቤተር ፔይ» ውስጥ «አለዚያ ታገኛታለህ» ተደብቃለች። አማርኛው ይመክራል፣ እንግሊዝኛው ያስጠነቅቃል። ለምክር «ዩ ማይት ዋንት ቱ» አለልሽ፤ ከሁሉ የለሰለሰ።

አያት ፌርማታ ላይ ቀላል ባቡር ስንጠብቅ ለውጭ አገር እንግዳዬ «ዘ ትሬን ማስት ሌፍት» አልኩት። ገብቶታል፣ ግን ፈገግ አለ። ለምን? (ከአያት)

«ሃቭ»ን ስለበላሃት ነው። «ዘ ትሬን ማስት ሃቭ ሌፍት»፣ ሳይሄድ አይቀርም። ሲነገር «ማስተቭ» ሆና ስለምታልፍ ጆሮ አይይዛትም። እርግጠኛ ካልሆንክ «ማይት ሃቭ ሌፍት»፣ ሄዶ ይሆናል። ሄዶማ ሊሆን አይችልም ለማለት «ማስንት» ሳይሆን «ካንት ሃቭ ሌፍት» ነው። «ማስንት» ትርጉሟ «ክልክል ነው» ነው።

«ምናልባት ሄዶ ይሆናል» ብለን በአማርኛ ጥርጣሬውን ሁለት ጊዜ እናስገባለን፣ ያምራልም። «ሜይቢ ኢት ማይት ሃቭ ሌፍት» ግን ይበዛል። አንዱን ምረጥ።

ከዚህ የሚብሰው «ነበረበት» ነው። «ትናንት መምጣት ነበረበት» ብንል ሰውየው አልመጣም ማለታችን ነው። ይህ «ሂ ሹድ ሃቭ ከም» ነው። «ሂ ሃድ ቱ ከም» ካልክ ግን ግድ ሆኖበት መጥቷል። አንዱ ቀረ፣ አንዱ መጣ። ምስክርነት ላይ ብትጠራ አስበው።

«ቻልኩ»ም ላይ ወጥመድ አለ። «ትናንት ታክሲ ማግኘት ቻልኩ» ለማለት «የስተርደይ አይ ኩድ ጌት ኤ ታክሲ» አይሆንም። «ኩድ» ባለፈ ጊዜ ለአጠቃላይ ችሎታ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ዛፍ መውጣት እችል ነበር እንደሚባለው። አንዴ ታግለህ ለተሳካልህ ነገር «አይ ፋይናሊ ማኔጅድ ቱ ጌት ኤ ታክሲ» በል። አሉታው ላይ ግን ነጻ ነህ፤ «አይ ኩድንት ጌት ኤ ታክሲ» ልክ ነው። ከአያት ለሚመላለስ ሰው ደግሞ አሉታው ብዙ ይጠቅመዋል።

ቦሌ ለሚ አካባቢ ፋብሪካ ልቀጠር ነው። ውሉ ላይ «ኢምፕሎዪስ ሜይ ኖት ሊቭ ዱሪንግ ዘ ሺፍት» ይላል። ጓደኛዬ «ሠራተኞች በፈረቃ ሰዓት ላይወጡ ይችላሉ» ብላ ተረጎመችልኝ። እንደፈለግሁ ነው ማለት ነው? (ከቦሌ ለሚ)

አይደለም። ወሬ ላይ «ሂ ሜይ ኖት ከም» ላይመጣ ይችላል ነው። ውልና ደንብ ላይ «ሜይ ኖት» አይፈቀድም ነው። በፈረቃ ሰዓት መውጣት ክልክል ነው እያሉሽ ነው። «ሻል» የሚል ካየሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው። ይህች ቃል ከማደናገሯ የተነሣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የግልጽ አጻጻፍ መመሪያ ሠራተኞቹን «ሻልን ትታችሁ ማስት በሉ» ይላቸዋል። «ሜይ ኦንሊ» ካየሽም አጠገቧ ያለውን በደንብ አንብቢ። «ሜይ ኦንሊ ቴክ ሊቭ አፍተር» ካለ ፈቃድ ከዚያ ወዲህ ብቻ ነው የምትወስጂው። ሳይገባሽ አትፈርሚ። ያስፈራሽን አንቀጽ ጽፈሽ ብትልኪልኝ አነብልሻለሁ፤ የሕግ ሰው ግን አይደለሁም።

ቲቸር፣ ፈረንጆች ራሳቸው «ውድ ኦፍ» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። እኛ «ውድ ሃቭ» ነው የተማርነው። የቱ ነው? ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። (ከጣፎ)

«ውድ ሃቭ» ነው። በፍጥነት ሲነገር «ውደቭ» ይሆንና ከ«ኦፍ» ጋር አንድ ዓይነት ይሰማል። አፍ የፈቱበትም ሲጽፉ በጆሯቸው ይሄዳሉ። «ኩድ» ውስጥ ያለችው የማትነበብ «ኤል»ም እንዲሁ በስህተት የገባች ናት። «ሹድ» እና «ውድ» ስላላቸው እሷም ይኑራት ተብሎ ቆየት ብሎ ተጨመረላት። ያቺ ስህተት ዕድሜ አግኝታ ልክ ሆነች። «ውድ ኦፍ» ግን ገና አልሆነላትም። ፈተናው ላይ «ሃቭ» ያለበትን አጥቁር።